የአባ ፍቱን ብልቃጥ

ልብስ ሰፊው ሞቶ የተገኘው ከገዛ ሱቁ በር ኋላ ነው። ያገኘችው ሚስቱ ናት። ጠዋት ቁርስ ሳይቀምስ ስለወጣ ሻይና ዳቦ ይዛለት መጣች፤ በሩን ገፋ ብታደርገው አልነቃነቅ አላት። «ምን አስደግፈህበት ነው?» እያለች በትከሻዋ ስትገፋው፣ በክፍተቱ የታያት የባሏ ጫማ ነበር።

ኢንስፔክተሯ ስትደርስ መንገዱ በሰው ተሞልቷል። ሱቁ ጠባብ ነው፤ አንድ የስፌት መኪና፣ አንድ የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ ግድግዳው ላይ ባለቤቶቻቸውን የሚጠብቁ ኮቶች። ካውያው ከሶኬቱ አልተነቀለም፤ ሥሩ የተረሳ ሱሪ ተቃጥሎ ቤቱን በጭስ አጥኖታል። መሳቢያዎቹ ሁሉ ተጎልጉለው ክሩ፣ ቁልፉ፣ ዚፑ ከተደፋ የሻይ ብርጭቆ ጋር ወለሉ ላይ ተበትኗል።

አብሯት የሚሠራው ሳጅን ከሬሳው አጠገብ ተንበርክኳል። ባልደረቦቹ «ራዲዮ» ይሉታል፤ አንዴ ከተከፈተ የሚዘጋው የለም። ዛሬ ግን ድምፁ ዝቅ ብሏል።

«ኢንስፔክተር፣ አፉን ይዩልኝ።»

ጎንበስ አለች። የሟቹ ከንፈርና ጥርስ ሰማያዊ ሆኗል። በጡጫው ውስጥ ልብስ ሰፊዎች ጨርቅ የሚያሰምሩበት ሰማያዊ ጠመኔ አለ፤ የተነከሰበት የጥርስ ምልክት ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሸሚዙ ከውኃ የወጣ ይመስል በላብ ርሷል። ጠዋቱ ደግሞ ብርድ ነበር።

«መሳቢያውን ሌባ ነው የጎለጎለው?» አለ ራዲዮ።

«ሌባ ቢሆን የኪስ ቦርሳውን ጠረጴዛው ላይ ትቶ ክር አይፈልግም ነበር።»

ኢንስፔክተሯ በሥራ ዘመኗ የተወጋም የታነቀም አይታለች። ጠመኔ እያኘከ የሞተ ሰው ግን አላየችም። ሰውየው በመጨረሻዋ ሰዓት ምን እየፈለገ ነበር?

ሚስትየው ጎረቤት ቤት ተቀምጣለች። አላለቀሰችም፤ ዕንባው ገና አልደረሰላትም።

«ጠላት ነበረው?»

«ከወንድሙ ጋር አይነጋገሩም። በዚህችው ሱቅ ነው የተኳረፉት። አባታቸው ለማን እንደተናዘዟት እግዜር ይወቅ።»

«በሽታስ?»

«ስኳር አለበት። ግን በቅርቡ ደህና ነበር። ኪኒኑ ሆዴን ነፋኝ ብሎ ከተወው ቆይቷል። የአባ ፍቱንን ነው የሚወስደው።» ከመቀነቷ ውስጥ አረንጓዴ ክዳን ያለው ትንሽ ብልቃጥ አወጣች። «ሐኪሙ ራሱ ሲለካው ደንግጧል። ስኳሩ ልክ እንደ ጤነኛ ሰው ሆነ አለው።»

ብልቃጡ ውስጥ ጥቂት እንክብሎች ቀርተዋል። ኢንስፔክተሯ ከጠመኔው ጋር ለምርመራ ላከችው።

የሬሳ ምርመራ ሐኪሙ ነገር የማያንዛዛ ሰው ነው። ገና ወንበር ሳትስብ ጀመረላት።

«ደሙ ውስጥ ስኳር የሚያወርድ ኪኒን አግኝቻለሁ። ብዙ። ሰውዬው ስኳሩ ተሟጦ ነው የሞተው።»

«ጠመኔውስ?»

«አንጎል ስኳር ሲያጣ ሰው ከራሱ ይወጣል። ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ እንደ ሰካራም ይለፈልፋል። ሰውነቱ ግን የሚያስፈልገውን ያውቃል፤ ጣፋጭ ስጡኝ ይላል። መሳቢያዎቹን የጎለጎለው እሱ ራሱ ነው። ጠመኔውን ስኳር መስሎት ነው የነከሰው።»

ለኢንስፔክተሯ ያቺን ጠባብ ክፍል ሰውየው በገዛ እጁ ሲያምሳት ታያት።

«ከቤቱ አንድም ኪኒን አልተገኘም» አለች። «ሚስቱም ከተወው ቆየ ብላለች። ብልቃጡን አየኸው?»

«አንዱን እንክብል ከፍቼ መረመርኩት። ቅጠል ነው። ንጹሕ ቅጠል።»

«እንግዲያው ሰው አብልቶታል ማለት ነው።»

«እሱን አንቺ ነሽ የምታውቂው።»

የአባ ፍቱን ሱቅ ከገበያው ጀርባ ነው። ስሙን ያወጡላቸው ደንበኞቻቸው ናቸው፤ መድኃኒቱ ፍቱን ነው ሲሉ ሲሉ ሽማግሌውም ፍቱን ሆነው ቀሩ። በሩ ላይ የቆመው ወረፋ እስከ መንገዱ ይደርሳል፤ አብዛኛው በዕድሜ የገፋ፣ ሁሉም ተስፋ ያደረገ።

አባ ፍቱን ፖሊስ ሲገባ አልተደናገጡም። ረዥም፣ ቀጥ ያሉ ሰው ናቸው፤ የሚንቀጠቀጠው እጃቸው ብቻ ነው።

«ልጄ፣ እኔ ተደብቄ አልሸጥም። ፈቃዴ ያውና» ብለው በመስታወት የተሰቀለውን አሳዩዋት። የመድኃኒት ቁጥጥር ቢሮው ማኅተም አርፎበታል። «ናሙና አምጣ አሉኝ፣ ወስጄ ሰጠሁ። መርምረው እንከን የለውም አሉ።»

«የሚያዘጋጁት እርስዎ ብቻ ነዎት?»

«እለቅማለሁ፣ አደርቃለሁ፣ እፈጫለሁ። እንክብሉ ውስጥ መክተቱን ግን ለልጄ ትቻለሁ። ይኸው እጄ እንደምታዪው ነው።»

ልጃቸው ከመጋረጃው ኋላ ጓንት አጥልቃ ትሠራለች። ጸጥ ያለች፣ ዓይኗ የደከመ ሴት ናት። ሆስፒታል መድኃኒት ቤት እንደምትሠራና ከሥራ ስትወጣ አባቷን እንደምታግዝ ተናገረች።

«የመድኃኒት ባለሙያ ሆነሽ በቅጠል ታምኛለሽ?» አለቻት ኢንስፔክተሯ።

«በአባቴ አምናለሁ።»

«ልብስ ሰፊው ዛሬ መሞቱን ሰምተሻል?»

የሴትዮዋ እጅ ቆመ። «ሰምቻለሁ። ነፍስ ይማር። ኪኒኑንም ይወስድ ነበር እንዴ?»

«ትቶታል ይላሉ።»

ሴትዮዋ ራሷን ነቀነቀችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ኢንስፔክተሯ ወጣች። ፈቃዱ ትክክል ነው፣ ቅጠሉም ንጹሕ ነው፤ የቀረው ወንድምየው ነበር።

ወንድምየውን ያመጣው ራዲዮ ነው። ኮሪደሩ ላይ ደስታውን መደበቅ አቅቶት ይቁነጠነጣል።

«ኢንስፔክተር፣ ይሄም ስኳር አለበት። የሚውጠው ደግሞ ያንኑ፣ ሐኪሙ ያገኘውን ኪኒን ነው። ጠዋት ፀጉሬን እየተስተካከልኩ ነበር ይላል። ፀጉር አስተካካዩን ጠየቅኩት፤ ዛሬ ዓይኑንም አላየሁት አለኝ። ፀጉሩንማ እርስዎም ይዩት፣ መቀስ ካየ ከርሟል።»

ወንድምየው ጠረጴዛው ላይ እጆቹን ዘርግቶ ተቀምጧል። ወፍራም፣ ሲናደድ ጆሮው የሚቀላ ሰው ነው።

«ለምን ዋሸህ?»

«እንደምታስሩኝ ስለማውቅ።»

«ሱቁ ሄደሃል?»

የዘረጋቸውን እጆቹን ሰበሰበ። «ልታረቀው ነበር የሄድኩት። ሻይ ገዝቼ ይዤ። ስገባ ያልበዋል፣ አፉ ይተሳሰራል። ደህና አደርክ ስለው ሰደበኝ። እናታችንን ጠርቶ ሰደበኝ። በጠዋቱ የጠጣ መሰለኝ። ሻይውን አስቀምጬ፣ እኔም የሚሰደበውን ሰድቤው ወጣሁ።»

«ሻይውን ጠጣው?»

«አላውቅም። ዞሬ አላየሁትም።»

ኢንስፔክተሯ ፊቱን አጠናችው። የሚዋሽ ሰው አይመስልም፤ ግን የሚዋሽ መስሎ የሚዋሽ ገዳይ የት ይገኛል? ኪኒኑ አለው፣ ጠቡ አለው፣ ሻይው አለ። ታሰረ።

በማግስቱ ቀትር ላይ የከተማ አውቶቡስ እግረኛ መንገድ ላይ ወጣ። የፍራፍሬ መሸጫ ጥሶ፣ የመብራት ምሰሶ ገጭቶ ቆመ። ከተሳፋሪው ብዙዎች ተጎዱ፤ አንዲት አሮጊት ዳሌያቸው ተሰበረ። የሞተ ግን አልነበረም። ሾፌሩን ሰክሯል ብለው ሊደበድቡት ሲሉ ፖሊስ ነጠቃቸው።

ከሆስፒታሉ የደወለው ያው ሐኪም ነው። «ነይ» አላት። «ሾፌሩ መጠጥ አልቀመሰም። ደሙ ውስጥ ያለው ያ ኪኒን ነው።»

ሾፌሩ ክንዱ ላይ መርፌ ተተክሎለት ተኝቷል። ከንፈሩ ገና ይንቀጠቀጣል።

«ኪኒን ማን ሰጠህ?»

«በሕይወቴ ኪኒን ውጬ አላውቅም፣ እህቴ። ስኳር አለብህ ካሉኝ መንጃ ፈቃዴን ይነጥቁኛል ብዬ ሐኪም ቤት እንኳ አልሄድኩም።» ዕንባው በጉንጩ ወረደ። «ዓይኔ ሲጨልም ይታወቀኛል። ፍሬኑን ግን የትኛው እግሬ እንደሚይዘው ጠፋኝ። ከኋላዬ ሰው ሲጮኽ እሰማለሁ።»

ራዲዮ ወንበር ላይ የተንጠለጠለውን የሾፌሩን ጃኬት ፈተሸ። ከውስጥ ኪሱ አረንጓዴ ክዳን ያለው ብልቃጥ ወጣ።

ኢንስፔክተሯ ብልቃጡን ተቀብላ አገላበጠችው። ይህን ክዳን ሌላ ቦታ አይታዋለች። ልብስ ሰፊው ቤት ሳይሆን ሌላ ቦታ። ማቀዝቀዣ ላይ፣ ከዳቦ ሳጥኑ ኋላ ሸሸግ ብሎ። «ይሄ ምንድን ነው?» ብላ ስትጠይቅ «ለጉልበቴ ነው» ያሉት እናቷ ናቸው።

እናቷ ስኳር አለባቸው። ኪኒናቸውን ደግሞ በየወሩ የምትገዛላቸው እሷ ራሷ ናት።

ስልክ ደወለች። ጠራ፣ ጠራ፣ ጠራና ቆመ። ደግማ ደወለች።

«ገበያ ወጥተው ይሆናል» አለ ራዲዮ።

«በዚህ ሰዓት አትወጣም። መኪናውን አስነሳ።»

ራዲዮ በመንገዱ ሁሉ አንዲት ቃል አልወጣውም፤ ይህ ደግሞ ይበልጥ አስፈራት። ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደለጠፈች ነው፤ ያ ጥሪ ባዶ ቤት ውስጥ ሲያስተጋባ የምትሰማ ይመስላታል። ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ወጣች። ቁልፉን አውጥታ በሩን ከፈተች።

እናቷ ወጥ ቤት ቆመዋል። የሌሊት ልብሳቸው ላብ አጥምቆት ገላቸው ላይ ተጣብቋል። በማንቆርቆሪያ ውኃ ይቀዳሉ፤ የሚቀዱት ግን ብርጭቆ ውስጥ ሳይሆን ጠረጴዛው ላይ ነው። ውኃው ወለሉን አጥለቅልቆታል።

«እማዬ።»

ዞር አሉ። ዓይናቸው እሷ ላይ አርፎ አላወቃትም።

«ማነሽ አንቺ? ውጪልኝ። ልጄ ፖሊስ ናት፣ ትመጣብሻለች።»

«እማዬ፣ እኔ ነኝ።»

«ውጪ አልኩሽ።» ማንቆርቆሪያውን አነሱባት።

ኢንስፔክተሯ እጃቸውን ያዘች። ያ ቀጭን ክንድ ከየት አመጣው የሚያሰኝ ጉልበት ነበረው። ራዲዮ ስኳር በውኃ በጥብጦ መጣ። አፋቸውን አልከፍት አሉ፤ ማንኪያውን ነከሱት፤ ግማሹ አንገታቸው ላይ ፈሰሰ። «ትንሽ ብቻ፣ የኔ እናት፣ ትንሽ ብቻ» እያለች ጠብታ በጠብታ ታስገባላቸው ጀመር። ወለሉ ላይ፣ ውኃው ውስጥ ተቀምጣ አቅፋቸው ጠበቀች። የልባቸው ምት እንደ ተያዘች ወፍ ነበር።

ቆይቶ መተንፈሳቸው ረጋ አለ። እጃቸው ለሰለሰ። ቀና ብለው አዩዋት።

«ምነው ልጄ፣ ፊትሽ ምን ሆነ? ይሄ ሁሉ ውኃስ?»

ራዲዮ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

አምቡላንስ እስኪመጣ ብልቃጡን ከዳቦ ሳጥኑ ኋላ አወጣችው። «ለምን ደበቅሽኝ?»

«ትቆጪኛለሽ ብዬ ነዋ። ደግሞ ቅጠል ነው። ኪኒኑ ላይ ትንሽ ቅጠል ብጨምርበት ማንን ይጎዳል?»

ሐኪሙ በዚህኛው ጊዜ አንድ እንክብል ከፍቶ አልተወም። የእናትየውንም፣ የሾፌሩንም፣ ከልብስ ሰፊው የተረፉትንም ሁሉንም አንድ በአንድ ፈለቀቀ። ውጤቱን ሲነግራት እንደወትሮው አልቸኮለም።

«አንዳንዱ ቅጠል ብቻ ነው። አንዳንዱ ውስጥ ለወጉ የሚሆን ኪኒን አለ። አንዳንዱ ውስጥ ደግሞ ፈረስ የሚጥል። ያኔ የከፈትኩት ከባዶዎቹ አንዱ ነበር፤ አሳሳትኩሽ። ይሄ በእጅ የተቀላቀለ ነው። የትኛው ለማን እንደሚደርስ ዕጣ ነው።»

ኢንስፔክተሯ ወደ ቁጥጥር ቢሮው ደወለች። ፈቃዱን የሰጠው ባለሙያ መዝገቡን ተመልክቶ ናሙናው ንጹሕ እንደነበር አረጋገጠላት።

«ናሙናውን ማን አመጣው?»

«ባለቤቱ።»

«ከሱቁ መደርደሪያ ገዝታችሁ የመረመራችሁት ጊዜ አለ?»

«ደንቡ አመልካቹ ያቅርብ ነው የሚለው» አለ። «ከፈቃድ በኋላ... ሰው የለንም።»

«ዛሬ አንተ አለህ። ና፣ አብረን እንሄዳለን።»

ስልኩን ስትዘጋ አንድ ነገር ታወሳት። ሞት የተነገረው ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «እንዴት ሞተ?» ብሎ ነው። የአባ ፍቱን ልጅ ግን የጠየቀችው ኪኒኑንም ይወስድ እንደሆነ ነበር። በምን እንደሞተ ማንም ሳይነግራት።

ወረፋው ዛሬም እንደዚያው ነው። ራዲዮ ሰዉን አስወጥቶ በሩን ሲዘጋ ማጉረምረሙ እስከ ውስጥ ተሰማ። የቁጥጥር ቢሮው ሰው ሱቁ መታሸጉን አነበበ። አባ ፍቱን እስኪጨርስ ጠበቁት።

«መርዝ ነው የምትሉኝ?» አሉ ቀስ ብለው። «አባቴ ያዳነበትን? እኔ ያደግሁበትን?»

«አባባ፣ ከቅጠሉ ጋር የተቀላቀለ ነገር አለ» አለች ኢንስፔክተሯ።

«እኔ እጅ ላይ ያለፈን ቅጠል ማን ይቀላቅለዋል?» ከመደርደሪያው አንድ ብልቃጥ አነሱ፣ ክዳኑን ፈቱና መዳፋቸው ላይ ገለበጡት። እንክብሎቹ በሚንቀጠቀጠው እጃቸው ላይ ተንከባለሉ። «እዩኝ እንግዲህ። መርዝ ከሆነ እኔን ይግደለኝ።»

የቁጥጥር ቢሮው ሰው «ኧረ ተዉ» አለ። ራዲዮ ሊይዛቸው ተራመደ። ኢንስፔክተሯ ግን ሽማግሌውን አላየችም። የምታየው መጋረጃውን ነበር።

መጋረጃው ተቀደደ ማለት ይቀላል። ልጃቸው ወጥታ የአባቷን እጅ ከአፋቸው ሥር መታችው። እንክብሎቹ እንደ ሩዝ ወለሉ ላይ ረገፉ።

«አባዬ፣ አትዋጠው።»

አባ ፍቱን የተመታ እጃቸውን ይዘው ልጃቸውን አዩዋት።

«ለምን?» አሉ። «የኔ ቅጠል አይደለም እንዴ?»

ሴትዮዋ ወደ ኢንስፔክተሯ ዞረች፤ ለአባቷ መናገር ያቃታትን ለእሷ ተናገረች።

«ስኳር ያለባቸው ኪኒናቸውን እየጣሉ ወደ እሱ ይመጡ ነበር። እግራቸው ሲቆረጥ፣ ዓይናቸው ሲጠፋ ሆስፒታል የማያቸው እኔ ነኝ። ኪኒናችሁን አትተዉ ብላቸው፣ የአባትሽን መድኃኒት ታጣጥያለሽ ብለው ሳቁብኝ። ለእሱ ብነግረው ደግሞ በቁሙ ይሞታል። ስለዚህ የሚያስፈልጋቸውን ሰጠኋቸው። ከሥራ ቦታዬ እያመጣሁ፣ እየፈጨሁ። ሲሻላቸው በዓይኔ አየሁ።»

«እኩል አልደረሰም።»

«በሙቀጫ ነው የቀላቀልኩት። የቻልኩትን ያህል...» ጓንቷን አወለቀች። «ልብስ ሰፊው የራሱንም ኪኒን ደርቦ ነው አይደል የወሰደው? ደርቦ ባይወስድ...»

«አልደረበም» አለች ኢንስፔክተሯ። «አንቺ የሰጠሽው ብቻ በቃው።»

ራዲዮ ካቴናውን አወጣ። አባ ፍቱን ግን አሁንም እዚያው ቆመዋል፤ እግራቸው ሥር የረገፉትን እንክብሎች ላለመርገጥ እየተጠነቀቁ።

ወንድምየው በዚያው ቀን ተፈታ። እውነቱን ስትነግረው ለመሄድ አልቸኮለም። «እኔም እኮ ስኳር አለብኝ» አለ። «እኔም እንደዚያ ሆኜ አውቃለሁ። ከሁሉ ሰው እኔ ማወቅ ነበረብኝ።» እስከ በሩ ሸኘችው። የቁጥጥር ቢሮውም ከዚያ ወዲህ ናሙና ከሻጭ መቀበሉን ትቶ፣ ሠራተኞቹ እንደማንኛውም ደንበኛ ተሰልፈው ከመደርደሪያ እየገዙ እንዲመረምሩ ደንብ አወጣ። ለልብስ ሰፊው ዘገየ።

የከበደው የተሸጠውን መሰብሰብ ነበር። ብልቃጥ ያለው ሁሉ ይመልስ ተብሎ በሬዲዮ ተነገረ። የመለሰው ጥቂት ነው። ሌላው እንዲያውም አርቆ ደበቀው፤ መንግሥት የድሃን መድኃኒት ሊነጥቅ ነው ተባለ። ኢንስፔክተሯ በየመንገዱ ስታልፍ የተዘጋ በር ባየች ቁጥር፣ ከኋላው አንድ ሰው በላብ ርሶ መሳቢያ የሚጎለጉል ይመስላት ጀመር።

አንድ ጠዋት አባ ፍቱን ራሳቸው ጣቢያው መጡ። ኮታቸውን ለብሰው፣ ጢማቸውን ተላጭተዋል።

«ለእናንተ አይሰጧችሁም» አሉ። «ለኔ ይሰጡኛል። ቤታቸውን አውቀዋለሁ።»

አብረው ወጡ። በር አንኳኩተው «እኔ ነኝ» ሲሉ ይከፈትላቸዋል፤ ያሉትን ብለው ብልቃጡን ተቀብለው ይወጣሉ። ኢንስፔክተሯና ራዲዮ ከኋላቸው ይከተላሉ። ቀትር ላይ አንዲት ልብስ አጣቢ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ከፈተችላቸውና ፖሊሶቹን ስታይ በሩን ገርበብ አደረገችው።

«አልሰጥም፣ አባባ። አስገድደዎት ነው። እኔን እኮ ከሞት ነው ያወጡኝ።»

«አላስገደደኝም ማንም።»

«ታዲያ ቅጠሉ መጥፎ ከሆነ እኔ እንዴት ተሻለኝ?»

ሽማግሌው መቃኑን ተደገፉ። ኢንስፔክተሯ ልታግዛቸው አንድ እርምጃ ተጠጋች፤ እሳቸው ግን በእጃቸው ከለከሏት።

«ያሻለችሽ ልጄ ናት» አሉ። «ልብስ ሰፊውን የገደለችውም እሷው ናት። የኔ ቅጠል፣ እናቴ፣ ምንም አላደረገልሽም። ክፉም አልሠራ፣ ደግም አልሠራ።»

ልብስ አጣቢዋ የያዘችውን በር ለቀቀች። ከዚያ ወደ ውስጥ ገባች፤ ስትመለስ ብልቃጡን መዳፋቸው ላይ አኖረችው። አባ ፍቱን ክዳኑ መጥበቁን አረጋግጠው ለኢንስፔክተሯ አቀበሏት።

«በሉ» አሉ፣ «የሚቀጥለው በር ደረጃ አለው። ክንዴን ያዙኝ።»